ሻርሎት ብሮንቴና የምድጃ ዳር ተረት

ጎቲክ የተባለው የልብ ወለድ ዘርፍ በአሮጌ ግንብ፣ በተቆለፈ ክፍልና ከየት እንደ መጣ በማይታወቅ የሌሊት ድምፅ አንባቢውን የሚያስፈራ ነው። ምንጩ ሲመረመር ዘወትር የሚጠቀሱት ቀደምት መጻሕፍት ናቸው። የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የሻርሎት ብሮንቴ ሕይወት ግን እምብዛም የማይነገርለትን ሌላ ምንጭ ያሳየናል፤ እርሱም በምድጃ ዳር የሚነገረው አስፈሪ ተረት ነው።

ሻርሎት በ1816 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር ተወለደች። አባቷ ፓትሪክ ብሮንቴ በሃዎርዝ መንደር ካህን ነበሩ፤ መኖሪያቸውም ከመቃብሩ ስፍራ ጋር የተዋሰነ ነበር። እናቷ በ1821፣ ሁለቱ ታላላቅ እኅቶቿ በ1825 ሞቱ። ቤቱ በኀዘን በተዋጠበት በዚያ ዘመን ታቢታ አይክሮይድ የተባሉ የአካባቢው ሴት በሠራተኛነት ገቡ። እኚህ ሴት በጨረቃ ብርሃን በወንዝ ዳር ይታዩ ስለ ነበሩ መናፍስትና በነባር ባላባቶች ቤት ስለ ደረሰው መከራ ለልጆቹ ያወጉ ነበር። መናፍስቱን ከአገር ያባረራቸውም ፋብሪካው ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በ1836 ክረምት ታቢታ በበረዶ ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። የልጆቹ አክስት ሴትዮዋ ወደ ዘመዳቸው ሄደው እንዲታከሙ ቢወስኑም፣ ልጆቹ ምግብ አንቀምስም ብለው አደሙ፤ በመጨረሻም እዚያው ቤት እንዲቆዩ ተፈቀደ። ባለውለታቸውን አልረሱም።

ውለታው በ1847 በወንድ የብዕር ስም በታተመው «ጄን ኤር» ውስጥ በግልጽ ይታያል። ጄን የሮቼስተር ውሻ በምሽት ብቅ ሲልባት፣ ሞግዚቷ ቤሲ በልጅነቷ የነገረቻት ጊትራሽ የተባለው መንፈስ ትዝ ይላታል። የቤቱን የላይኛ ፎቅ ስታይም የባለ ሰማያዊ ጢሙን ግንብ ታስታውሳለች። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ባሳተመው በዚያ ተረት፣ ሙሽራዪቱ የተከለከለውን ክፍል ስትከፍት የቀድሞ ሚስቶቹን ሬሳ ታገኛለች፤ ከሞት የሚያድኗትም ወንድሞቿ ናቸው።

ሻርሎት ክፍሉን እንዳለ ወስዳ ፍጻሜውን ለወጠችው። በእርሷ መጽሐፍ የተቆለፈባት የቀድሞዋ ሚስት በሕይወት አለች፤ ለጄን ደግሞ የሚደርስላት ወንድም የለም። የምትወደውን ሰው ትታ፣ 20 ሽልንግ ብቻ ይዛ፣ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ በገዛ እግሯ ትወጣለች። ተረቱ የአለመታዘዝን ቅጣት ያስተምር ነበር፤ ልብ ወለዱ ግን ደሃ ሴት ክብሯን እንዴት እንደምትጠብቅ ያሳያል። የታሰረችው ሚስት የራሷን ታሪክ ሳትናገር መቅረቷ አልተዘነጋም፤ ጂን ሪስ በ1966 ባሳተመችው ልብ ወለድ አንደበት ሰጥታታለች።

ከ1848 እስከ 1849 ባሉት ወራት ሻርሎት ወንድሟን ብራንዌልንና እኅቶቿን ኤሚሊንና አንን በተከታታይ ቀበረች። በ1854 የአባቷን ረዳት ካህን አርተር ቤል ኒኮልስን አገባች። ታቢታ በ1855 መጀመሪያ ላይ ሲሞቱ፣ እርሷም ሳምንታት ብቻ ቆይታ በ38 ዓመቷ ተከተለቻቸው።

የአንዷ ስም በመላው ዓለም ሲታወቅ የሌላዋን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለ ድርሰት ምንጭ የምንጽፍና የምናስተምር ሁሉ ግን የመጻሕፍቱን ዝርዝር ከጨረስን በኋላ፣ ተረቱን ለደራሲው በልጅነቱ ማን እንደ ነገረው መጠየቅ ይገባናል።