ሳሙኤል ቤከር በአትባራ ገባሮች፤ ከመተማ ቆላ እስከ ሜዲትራኒያን የምግብ መረብ

ሳሙኤል ዋይት ቤከር በታሪክ መጻሕፍት የሚታወሰው በ1864 አልበርት ሐይቅ ዳር በመድረሱና ለሐይቁ ይህንን ስም በማውጣቱ ነው። ከዚያ ጉዞ በፊት በኢትዮጵያ ምዕራባዊ ቆላ በሚወርዱ ወንዞች ዳር ያሳለፈው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ እንደ መንደርደሪያ ብቻ ተቆጥሮ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ግን ለሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ከሐይቁ ይልቅ ያ ጊዜ ይበልጣል። ኃይል በውኃ ውስጥ ካለ አንድ ሕያው ፍጡር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ ለሚጠይቅ ሰው፣ ግድብ ያልነካቸውን የአትባራ ገባሮች በበጋም በክረምትም ያየ ምስክር ማግኘት ቀላል አይደለምና። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ቤከር በሰኔ 1821 ለንደን ውስጥ፣ በንግድና በስኳር እርሻ ከበለጸገ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ሞሪሸስ፣ ከዚያም ወደ ሲሎን ተሻግሮ በኑዋራ ኤሊያ ደጋ እርሻ አቋቋመ። የመጀመሪያ ሚስቱ ሄንሪየታ በ1855 ሞተችበት። በ1859 በዳኑብ ዳር ባለችው በቪዲን ከተማ ፍሎረንስን አገኘ፤ በባርነት ልትሸጥ የቀረበች ወጣት ነበረች። ከዚያ በኋላ ባደረጋቸው የአፍሪካ ጉዞዎች ሁሉ አልተለየችውም። ቤከር በሳይንስ የሠለጠነ ሰው አልነበረም። አዳኝ ነበር፤ የሚያየውንም በአዳኝ ዓይን ያይ ነበር። ይህ ጠባዩ ለማስታወሻዎቹ ጥንካሬም ጉድለትም ሆኗል።

በሚያዝያ 1861 ሁለቱ ከካይሮ ተነሥተው፣ የኑቢያን በረሃ አቋርጠው በርበር ደረሱ። ቤከር ዓረብኛ ሳያውቅ ወደ ነጭ ዓባይ ምንጭ መጓዝ እንደማያዋጣው በመረዳቱ፣ አንድ ዓመት ያህል ቋንቋውን እየተማረ ከአበሻ ተራሮች የሚወርዱትን ገባሮች ሊመረምር ወሰነ። በሰኔ አትባራ ሲደርስ ወንዝ ሳይሆን ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነበር። ውኃው ተቆራርጦ እዚህም እዚያም በጥልቅ ኩሬዎች ብቻ ቀርቷል። በረጅሙ ወንዝ ተሠራጭተው ይኖሩ የነበሩት ዓሦች፣ አዞዎች፣ ትልልቅ ኤሊዎችና ጉማሬዎች በእነዚያ ጠባብ ኩሬዎች ታጭቀው ነበር። ሰኔ 23 ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሲነጋ አሸዋው ሜዳ የለም፤ በቦታው ደፍርሶ የሚጋልብ ታላቅ ወንዝ ነበር። ዝናቡ የዘነበው ቤከር በነበረበት በረሃ ሳይሆን በኢትዮጵያ ተራሮች ነው።

ይህ ትዕይንት ለዘመናችን አንባቢ ከውበቱ ያለፈ ትርጉም አለው። በ1942 ሬይመንድ ሊንደማን ሐይቅን በኃይል ዝውውር መንገድ መተንተን እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ፣ ከአንድ የምግብ እርከን ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል በአማካይ አንድ ዐሥረኛ ገደማ መሆኑ የተለመደ ግምት ሆኗል። ግምት እንጂ ሕግ አለመሆኑን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። በዚህ ስሌት አራተኛው እርከን ላይ ያለ አዞ አንድ አሐድ ኃይል ያገኝ ዘንድ፣ ከሥር ያሉት ተክሎች አንድ ሺህ ማምረት አለባቸው። እንዲህ ያለችው የበጋ ኩሬ ግን በራሷ ምርት ይህን ሁሉ ሥጋ በል ልትቀልብ አትችልም። ኃይሉ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ በየስፍራው አድገው ወደ ኩሬዋ ከተሰበሰቡት ዓሦች፣ ከዳር ከሚረግፍ ቅጠል፣ በሌሊት ሣር ግጦ ቀን ውኃ ውስጥ ከሚጥል ጉማሬ። በኬንያ ማራ ወንዝ የተካሄዱ ጥናቶች ጉማሬ የየብስን ሣር ወደ ውኃ የሚያጓጉዝ ዋነኛ ተሸካሚ መሆኑን፣ ፋንድያው በቆመ ውኃ ሲበዛም ኦክስጅኑን እንደሚያሟጥጥ አሳይተዋል።

ቤከርም ያን ጉማሬ ይገድል ነበር። ክረምቱን በአትባራ ዳር በምትገኘው በሶፊ መንደር አሳልፎ፣ ውኃው ሲጎድል ወደ ሰቲት፣ ማለትም ወደ ታችኛው ተከዜ ተሻገረ፤ በፈረስ ሆነው ዝሆንን በሰይፍ ከሚያድኑት ሐምራን ዓረቦች ጋርም ከረመ። ወደ አንገረብና ወደ ሌሎቹ የአትባራ ገባሮችም ዘለቀ። በመንጠቆም ብርቱ ነበርና ትንሹን ዓሣ ለትልቁ መብል አድርጎ ያጠምድ ነበር፤ ሳያስበው የምግብ ሰንሰለቱን በእጁ ይዞ ነበር ማለት ይቻላል። ማስታወሻዎቹን እንደ መነሻ መረጃ ለመጠቀም የሚሻ ተመራማሪ ግን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ትልልቆቹ እንስሳት ጎልተው ይታያሉ፤ ፕላንክተኑ፣ ትሉና የውኃ ውስጥ ነፍሳት ጨርሶ የሉም።

በ1862 የጸደይ ወራት መተማ ገባ፤ በእርሱ መጽሐፍ ስሟ ጋላባት ነው። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ነበር። ከዳርፉር መጥተው የሠፈሩት ተክሩሮች የሚያስተዳድሩት ገበያ ከደጋ የሚወርደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር ያገናኝ ነበር፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር። ከመተማ ወደ ራሃድና ወደ ዲንደር ወንዞች አቅንቶ በሰኔ ካርቱም ደረሰ።

ከዚህ ዙረት የወጣው ድምዳሜ በ1867 በታተመው የአበሻ የዓባይ ገባሮች መጽሐፉ ሰፍሯል። ግብፅን ዓመቱን ሙሉ የሚያኖራት የምድር ወገብ ሐይቆች ውኃ ሲሆን፣ ጎርፉንና ለም ደለሉን የሚያመጡት ግን ጥቁር ዓባይና አትባራ ናቸው። የኋላ ልኬቶች ይህን አጽንተውታል፤ ወደ ግብፅ ይወርድ ከነበረው ደለል ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ በላይ ከእነዚህ ሁለት ወንዞች ነበር። ቤከር ሐሳቡን ያቆመው ግን በዴልታው፣ በገበሬው ማሳ ነው። ጎርፉ በዚያ አላበቃም።

በየዓመቱ በክረምት ማብቂያ ደፍራሹ ውኃ ሜዲትራኒያን ሲገባ፣ የያዘው ፎስፌትና ሲሊኬት በምሥራቁ ድኻ ባሕር ላይ ዳያተሞችን በብዛት ያበቅል ነበር። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ፦ ወንዙ ለባሕሩ በዋናነት የሚሰጠው ኃይል ሳይሆን፣ ፕላንክተን የፀሐይን ኃይል የሚይዝበትን ንጥረ ነገር ነው። ንጥረ ነገሩ ይመላለሳል፤ ኃይሉ ግን በአንድ አቅጣጫ ፈስሶ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሰርዲን ፕላንክተንን በቀጥታ ስለሚበላ ሰንሰለቱ አጭር፣ ብክነቱም ትንሽ ነበር፤ የግብፅ ዓሣ አስጋሪዎችም የጎርፉን ወራት ይጠብቁ ነበር። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1964 ውኃውን መያዝ ሲጀምር በዚያ ዓመት 15 ሺህ ቶን ገደማ የነበረው የሰርዲን ምርት በ1966 ከ600 ቶን በታች ወረደ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ምርቱ መልሶ ማንሰራራቱ እውነት ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከማዳበሪያና ከከተማ ፍሳሽ ወደ ባሕሩ በገባው ንጥረ ነገር ያስረዳሉ። ባሕሩ ንጥረ ነገሩ ከሰሜን ተራሮች ይምጣ ከካይሮ ቱቦ አይለይም፤ ዓሣውን ለሚበላው ሰው ግን ልዩነት አለው።

የቤከር ቀሪ ሕይወት የታወቀ ነው። በ1866 የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ፤ ከ1869 እስከ 1873 በኬዲቭ እስማኤል ተሹሞ የባሪያ ንግድን ለማጥፋትና የግብፅን ግዛት ለማስፋት በኢኳቶሪያ ዘመተ። ሁለቱ ዓላማዎች አብረው መሄዳቸው በበጎ ሥራው ላይ ጥላ ማጥላቱ አልቀረም። በታኅሣሥ 1893 በእንግሊዝ አገር፣ በዴቨን በሚገኘው ቤቱ ሞተ።

በመተማ ቆላ የበጋ ኩሬዎችን ጥቅም ከቤከር እጅግ ቀድመው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። ሽንፋ-መተማ 1 በተባለው ሥፍራ የተገኘውና በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ74 ሺህ ዓመታት በፊት የቶባ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ አየሩ ይበልጥ ሲደርቅ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር የነበሩ አዳኞች ከየብስ እንስሳት ይልቅ ወደ ዓሣ አዘንብለዋል። ድርቁ ዓሣውን በጥቂት ኩሬዎች ሰብስቦ ለመያዝ ቀላል አድርጎላቸዋል።

ዛሬ ጓንግና ሰቲት ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ በላይኛው አትባራና በኻሽም ኤል ጊርባ ግድቦች ይያዛሉ፤ ተከዜም ገና በኢትዮጵያ ውስጥ ሳለ ከ2009 ጀምሮ ተገድቧል። ቤከር በዚያ የሰኔ ሌሊት የሰማው ጎርፍ አሁን የሚቆመው ከመተማ ሩቅ ባልሆነ ቦታ ነው። በጓንግ ላይ የመጀመሪያው ደራሽ ውኃ ምን ያህል ፎስፌትና ሲሊኬት እንደሚይዝ፣ በሚያዝያ ኩሬዎች ያለው ዓሣም በምን ኃይል እንደሚኖር መለካት፣ ገንዳ ውኃ ላይ ተቀምጦ የናሙና ጠርሙስና ጥቂት የክረምት ሌሊቶች ላሉት ተማሪ የሚቻል ሥራ ነው።