አለቃ ገብረ ሐናን ማን ይፍታቸው?

በ1996 ዓ.ም. ቴፒ አካባቢ ባለ አንድ የቡና እርሻ መዝጋቢ ሆኜ እሠራ ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም። ለቃሚዎች የለቀሙትን እሸት ቡና በጆንያ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ እኔ ኪሎውን አይቼ በየስማቸው ትይዩ እጽፋለሁ። ማታ መብራት ካለ ደግሞ በጅማ በኩል በአውቶቡስ አንድ ሳምንት ዘግይቶ የሚደርሰንን ጋዜጣ እዘረጋለሁ። ፖለቲካው እኛ ጋ እስኪደርስ ስለሚያረጅ፣ በቀጥታ ወደ ኋላው ገጽ፣ «ወደ ጎን» እና «ወደ ታች» ወደሚለው የቃላት ጨዋታ ነበር የምሄደው። አንድም ባዶ ሳጥን የማላስቀር ሰው በመሆኔ እኮራ ነበር።

ይህን ኩራቴን ያበላሹብኝ የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው። በ1977ቱ ሰፈራ ከዋድላ የመጡ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ሳያስመሰክሩ እንደወጡ ይነገራል። ሁላችንም የኔታ ነበር የምንላቸው። አጠገቤ ቁጭ ብለው ስሞላ ያዩኛል፤ ግን አይደነቁም። የአንድ ሀገር ዋና ከተማ ማን ይባላል ብሎ መጠየቅ ለእሳቸው እንቆቅልሽ አይደለም። ያወቀ ያውቀዋል፣ ያላወቀ አያውቀውም፤ የሚፈታ ነገር የለውም። አንድ ማታ ታዲያ እሳቸው በተራቸው ጠየቁኝ፦ ቡና ለቃሚ ጆንያውን አዝሎ ሲመጣ የሚፈራው ከተማ የትኛው ነው? ጊዜ አልወሰደብኝም። ሚዛን ተፈሪ! አልኩ። ሚዛን፣ የሚፈራው። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና ግማሹን እንደፈታሁት ነግረውኝ ወደ መጋዘናቸው ሄዱ። ስለ ሌላው ግማሽ ኋላ እመለስበታለሁ።

የኔታ የጠየቁኝ ዓይነት ጥያቄ እንግሊዞችን በየማለዳው ሻይ ይዘው እርሳሳቸውን የሚያስነክሳቸው ጨዋታ ነው። የቃላት ሳጥኑን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1913 ኒው ዮርክ ዎርልድ በተባለ ጋዜጣ ላይ ያወጣው ከሊቨርፑል የሄደው አርተር ዊን ነው። የእሱ ቀላል ነበር፤ ልክ እንደኛ ጋዜጣ። ነገሩን ያወሳሰበው ኤድዋርድ ፓዊስ ማዘርስ የተባለ እንግሊዛዊ ገጣሚና ተርጓሚ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ ቶርኬማዳ በሚል የብዕር ስም ፈታኝ ጥያቄ ያወጣ ነበር። ቶርኬማዳ የስፔን የሃይማኖት ችሎት ጨካኝ መርማሪ ስም ነው። ሰውየው ፈቺዎቹን ምን ሊያደርጋቸው እንዳሰበ ከስሙ ይታወቃል።

አሠራሩን በአማርኛ ላሳይ። «እስካሁን ያልደረሰ በዓል፣ ሁለት ፊደል» ብል መልሱ «ገና» ነው። ሲላላ እስካሁን፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል። «ልብ ቢገለበጥ ልብስ ይበላል» ብል «ብል» ነው፤ ፊደሎቹን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ብቻ ነው። «የቡችላ ራስ ሲጠሩት የቴፒ ሀብት» ካልኩ ደግሞ የቡችላ ራስ «ቡ»፣ መጥሪያው «ና»፣ ሀብቱ ቡና። በእያንዳንዱ ውስጥ ላይ ላዩን የሚወራ ነገር አለ፤ እሱን ያመነ ጠፋ። ፊደላችን ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ማጥበቅና ማላላትን ስለማይጽፍ አንዱን ቃል ሁለት ሰው ሆኖ ያሳድረዋል። ቅኔ ቤት ይህን ኅብር ቃል ይሉታል።

የኔታ ስለ ቶርኬማዳ ሰምተው አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት አለቃ ገብረ ሐናን ነው።

አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። እኔም የመጀመሪያ ቀልዳቸውን የሰማሁት ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። አለቃ በአንድ ቤት አይጥ የነካው ምግብ ይቀርብላቸዋል፤ በልተው ሲያበቁ ይህ ከቤታችሁ አይጥፋ ብለው ይመርቃሉ። ባለቤቶቹ አሜን ይላሉ። «አይጥፋ» ውስጥ አይጧ ከነጅራቷ ቁጭ ብላለች። ይህን ለየኔታ ሳወራላቸው ከሳቅ ይልቅ ዝምታ ገጠመኝ። ኋላ ግን የጠየቁኝ አሳፈረኝ፤ ከቀልዱ ሌላ ስለ ሰውየው ምን እንደማውቅ ነበር። ምንም አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩትንና የጠየቅሁትን ላጫውታችሁ። ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች አለቃ በ1814 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ ናበጋ ጊዮርጊስ እንደተወለዱ ይናገራሉ። ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ጎንደር ላይ ንጉሥ አለ፣ ሥልጣን ግን ሌላ ቤት ነው ያለው። ብላቴናው እንደ ዘመኑ ተማሪ ጎጃም ተሻግሮ ቅኔ ገባ። የቅኔ ተማሪ ኑሮ ይታወቃል፦ ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ ቁራሽ እንጀራ፣ የመንደር ውሻ። ትምህርቱ ግን ከዚያ ሁሉ ይከብዳል። ተማሪው ግሱን ያጠናል፣ ከዚያ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና በሚባለው፣ ሁለት ቤት ብቻ ባለው ይጀምርና ወደ ረጃጅሞቹ ይወጣል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ማምጣት ነውር ነው። መምህሩ ሰሙን ከወርቁ ሲለይለት ስህተቱ በጓደኞቹ ፊት ይገለጣል። እንግሊዛዊው ፈቺ ከተሳሳተ ወረቀቱን ቀዶ ይጥላል፤ የቅኔ ተማሪ ስህተቱን የት ይጥላል?

ስያሜው ራሱ የአንጥረኛ ነው። አንጥረኛ መጀመሪያ የሚፈልገውን ጌጥ በሰም ይሠራል፣ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፣ ጭቃው በእሳት ሲደርቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ወርቅ ይፈስሳል። ስለዚህ ሰሙ ውሸት አይደለም። ሰሙ ባይኖር ወርቁ ቅርጽ አይኖረውም። የኔታ አጥብቀው የሚይዙት ይህን ነበር፤ ሰሙ ያላማረ ቅኔ ስድብ ነው ይሉ ነበር።

ገብረ ሐና ጎንደር ተመልሰው ዜማውን፣ አቋቋሙንና ፍትሐ ነገሥቱን ተማሩ፤ ገና በጎልማሳነታቸው በጎንደር በአታ ለማርያም ታላቅ መምህር ሆኑ። ልብ በሉ፤ ቀልደኛ ብለን የምናውቃቸው ሰው በዚያን ጊዜ የሕግ መጽሐፍ ተርጓሚም ነበሩ። በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ነገሡ። ንጉሡ ነገር በቀጥታ የሚወዱ፣ አለቃ ደግሞ ነገር በቀጥታ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። አብረው ሊዘልቁ አልቻሉም። ምላሳቸው ንጉሡን አስቀየመ፤ አለቃም ከጎንደር ወጥተው ጣና ላይ ወዳሉት ደሴቶች ተጠጉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ኅብር ቃል ለባለሥልጣን ሲነገር የተለየ ጉልበት አለው። ተናጋሪው ቢጠየቅ ሰሙን አሳይቶ መሄድ ይችላል፤ መረቅሁ እንጂ ምን አልኩ? ይላል። ሰሚው ደግሞ ሊቆጣ ከፈለገ ወርቁ እንደገባው ማመን አለበት፤ ካመነ ደግሞ ነገሩ እንደሚመለከተው መሰከረ ማለት ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ሰምና ወርቅ ብሎ በሰየመው መጽሐፉ ይህ የአነጋገር ዘይቤ ቀጥተኛነት ለሚፈልገው ዘመናዊ ሥራ ሳንካ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። እውነት አለው፤ ቢሮ ውስጥ የሠራን እናውቀዋለን። ግን እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1942 በዴይሊ ቴሌግራፍ ጥያቄ በ12 ደቂቃ መፍታት የሚችሉትን ሰዎች ካወዳደሩ በኋላ ከመካከላቸው የጀርመንን ምሥጢራዊ መልእክት ለሚፈታው ሥራ ሰው መልምለዋል። ነገርን ከሁለት ወገን ማየት የሚጠቅምበት ሥራም አለ።

ወደ ጣና ልመለስ። የአለቃ ዋና ሥራ የተወለደው በዚያ ስደት እንደሆነ ይነገራል። ሐይቁ ሲናወጥ፣ ዳር ያለው ደንገል ከማዕበሉ ጋር ወዲያና ወዲህ ሲል ያያሉ። ያንን እንቅስቃሴ ወደ ማኅሌት አመጡት፤ መቋሚያው፣ ትከሻው፣ የካህኑ አካል ሁሉ እንደ ደንገል ዘንበል ቀና የሚልበት አዲስ የአቋቋም ስልት ሠሩ። ይህ ቃላት የሌለው ቅኔ ነው ማለት ይቻላል፦ ሰሙ ውኃና ሣር፣ ወርቁ ምስጋና።

ስልቱን ይዘው ጎንደር ሲመለሱ ግን የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ከአባቶች ያልወረስነው ነው ተባለ። በአንድ ቃል የሰውን ቅስም መስበር የሚችሉት አለቃ በዚህ ጊዜ ተሸነፉ። ያደረጉት ነገር ልጃቸውን ተክሌን ማስተማር ነው። ተክሌ በበኩሉ ስልቱን ደብረ ታቦር ላይ አስተማረ፤ ከዚያ ተስፋፋ። ዛሬ የተክሌ አቋቋም ይባላል። ፈጣሪው በልጃቸው ስም ነው የሚታወሱት፤ በራሳቸው ስም የቀረልን አይጧ ናት።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሸዋ ወርደው ቤተ መንግሥት ደርሰዋል፤ የእቴጌ ጣይቱና የአለቃ ቀልዶች የዚያ ዘመን ናቸው። የባለቤታቸው የወይዘሮ ማዘንጊያም ስም በቀልዶቹ ውስጥ አይጠፋም። በ1898 ዓ.ም. አረፉ፤ አርተር ዊን የመጀመሪያውን ሳጥን ከማውጣቱ ሰባት ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ አልፈቱም። ቱርኮች ባለቤት የሌለውን ቀልድ ሁሉ ለነስረዲን ሆጃ እንደሚሰጡት እኛም ሆዳምነቱንም፣ ስድቡንም፣ አልጋውንም ሁሉ ለአለቃ ጫንነው። ከነዚህ ውስጥ ቃሉ ከሁለት ያልተሰነጠቀውን፣ ሰም የሌለውን፣ እኔ የአለቃ ነው ብዬ መቀበል አቁሜያለሁ። የኔታ መለኪያቸው ይሄው ነበር።

የኔታ የጠየቁኝ ሌላው ግማሽ የተፈታልኝ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ያውም ሥራ ላይ እያለሁ። አንዲት ለቃሚ ጆንያዋን ሰቀለች። መርፌው 23 ኪሎ ተኩል ላይ ቆመ። እኔ 23 ብዬ ጻፍኩ። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምጽፈው፤ መዝገቡ የግማሽ ቦታ ስለሌለው ቀለል ይለኛል፣ ማንም ተው ብሎኝም አያውቅም። ሴትየዋ መርፌውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ተፈሪው ከተማ አልነበረም። ሚዛኑም አልነበረም።

የኔታን ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ ብቆጣ መፍታቴን ማመኔ ነዋ። በማግስቱ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አንድ ዓምድ ጨመርኩና ግማሾቹን መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ማታ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉና ጋዜጣው ላይ የቀረውን ባዶ ሳጥን በጣታቸው አሳዩኝ።

እርሻውን ከለቀቅሁ በኋላ እንዳረፉ ሰማሁ። ቅኔያቸውን የጻፈ ሰው የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምሮ ሚዛን አማን ወደሚባለው ከተማ ሄጄ፣ በአንድ የንግሥ በዓል ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ይሉ ነበር። አጠገቤ የቆመውን ጎልማሳ ይህ የማን ስልት እንደሆነ ጠየቅሁት። ተክሌ ነው አለኝ። የተክሌ አባት ማን እንደሆኑ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው ግን አላውቅም ብሎ ወደ ማኅሌቱ ዞረ።