በባቡር የተጓዘውን አረም የመዘገበው ድሩስ

ጆርጅ ክላሪጅ ድሩስ በሙያው መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው ግን በሸጠው መድኃኒት ሳይሆን የእንግሊዝን ዕፅዋት አንድ በአንድ እየለየ በመመዝገቡ ነው። ከመዘገባቸው መካከል ከሩቅ አገር መጥቶ የባቡር ሐዲድን ተከትሎ አገሩን ያዳረሰ አንድ ቢጫ አበባ ይገኛል።

ድሩስ የተወለደው በኖርዛምፕተንሺር ግዛት ፖተርስፐሪ በተባለች የገጠር መንደር በ1850 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቀጥሎ የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። እናቱ የወለደችው ሳታገባ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ይህ ለልጁ ቀላል ነገር አልነበረም። በ16 ዓመቱ ኖርዛምፕተን ከተማ በሚገኝ የመድኃኒት ድርጅት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። የሙያ ፈተናውን በ1872 አለፈ። በ1879 ወደ ኦክስፎርድ ተሻግሮ በከተማዋ ዋና ጎዳና ላይ የራሱን መድኃኒት ቤት ከፈተ። ከሱቅ ሥራ በተረፈው ጊዜ ሁሉ ሜዳ ለሜዳ እየዞረ ዕፅዋት ይለቅም፣ ያደርቅ፣ የተገኙበትን ቦታና ቀን ይጽፍ ነበር። በ1886 የኦክስፎርድሺርን፣ በ1897 የበርክሺርን ዕፅዋት የሚዘረዝሩ መጻሕፍት አሳተመ።

ቢጫው አበባ ኦክስፎርድ ራግዎርት ይባላል። ወገኑ ኑግ፣ ሱፍና አደይ አበባ ከሚመደቡበት የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። ትውልዱ በጣሊያን ሲሲሊ ደሴት በሚገኘው የኤትና እሳተ ገሞራ ተራራ ላይ ነው። በተራራው አናት አካባቢ አንድ ዝርያ፣ በግርጌው ሌላ ዝርያ ይበቅላል፤ ሁለቱ መሐል ላይ ሲገናኙ ይዳቀላሉ። ከዚህ ዲቃላ የተወሰደ ዘር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ይዘውት የሄዱት ጠላቶች ወይም ቸልተኞች አልነበሩም፤ ዕፅዋት የሚያጠኑ አዋቂዎች ነበሩ። በኦክስፎርድ የዕፅዋት ማዕከል ተተከለ። መቶ ዓመት ሳይሞላው ግን ከአጥሩ ወጥቶ በከተማዋ የድንጋይ ግንቦች ላይ ይታይ ጀመር።

ለረጅም ጊዜ ከከተማዋ ብዙ አልራቀም። የተለወጠው ባቡር በ1844 ኦክስፎርድ ሲገባ ነው። በሐዲዱ ሥር የሚነጠፈው ጠጠርና የከሰል ጥቀርሻ ልክ እንደ ኤትና የእሳተ ገሞራ አመድ ውሃ የማይቋጥር፣ ሌላ ተክል የማይሻማበት መሬት ነው። አረሙ የአገሩን አፈር ያገኘ ያህል ሆነ። ዘሩ ደግሞ በጫፉ ነጭ ጭራ ስላለው ባቡሩ ሲያልፍ በሚፈጥረው ነፋስ ይነሳል።

ድሩስ ይህን በግምት ብቻ አልተወውም። አንድ ቀን ከኦክስፎርድ በባቡር ሲጓዝ የአረሙ ዘር በመስኮት ገብቶ በተሳፈረበት ክፍል ውስጥ ሲንሳፈፍ ተመለከተ። ዓይኑን ሳይነቅል ተከታተለው። ዘሩ ተመልሶ የወጣው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ፣ ሬዲንግ አጠገብ ባለችው ታይልኸርስት ነበር። አረም እንዴት እንደሚዛመት ለማስረዳት ይህ ምልከታ ዛሬም ይጠቀሳል።

በእኛ አገር የሚታወቀው ፓርቲኒየም ወይም ቅንጨ አረም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሲሆን እርሱም ብዙውን ጊዜ የሚታየው በመንገድና በሐዲድ ዳር ነው። ልዩነቱ የቅንጨ አረም ዘር የሚበርበት ጭራ የሌለው መሆኑ ነው፤ በጎማ ጭቃ፣ በጎርፍ፣ በእንስሳት እግርና ባልተበጠረ እህል ይጓዛል። ስለዚህ የወረዳ ባለሙያ መጀመሪያ ማየት ያለበት የማሳውን መሐል ሳይሆን መኪና የሚቆምበትን ዳር ነው።

ድሩስ ትምህርቱን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባይጀምርም በ1895 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የደረቁ ዕፅዋት ክምችት ኃላፊ ሆነ። በከተማዋ ምክር ቤት ለብዙ ዓመታት አገልግሏል፤ ከ1900 እስከ 1901 ከንቲባ ነበር። ከ1903 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ዕፅዋት የሚለዋወጡ አጥኚዎችን ማኅበር በጸሐፊነት መርቷል። በ1927 የብሪታንያ የሳይንስ አካዳሚ ለሆነው ለሮያል ሶሳይቲ በአባልነት ተመረጠ። ትዳር አልያዘም።

የካቲት 29 ቀን 1932 ኦክስፎርድ ውስጥ አረፈ። ዕድሜ ልኩን የሰበሰባቸውን የደረቁ ዕፅዋት ለዩኒቨርሲቲው አወረሰ። ከ16 ዓመታት በኋላ፣ በ1948፣ በዌልስ አንድ እንግዳ ተክል ተገኘ። ያ ከኤትና የመጣው አረም ከአገሬው አረም ጋር ተዳቅሎ የፈጠረው፣ ራሱን ችሎ የሚራባ አዲስ ዝርያ ነበር።