ፕሮፌሰር ሴዛር ላቴስ፦ የሜሶንን አሻራ ያነበቡ ሊቅ

ብራዚላዊው የፊዚክስ ሊቅ ፕሮፌሰር ሴዛር ላቴስ እ.ኤ.አ. በ1924 በኩሪቲባ ከተማ ተወለዱ። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ በነበረበት በ1947 ቦሮን የተጨመረባቸውን የፎቶግራፍ ሰሌዳዎች በቦሊቪያ፣ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የቻካልታያ ተራራ ላይ አኖሩ። የአቶም አስኳልን አጣብቆ ከሚይዘው ኃይል ጋር የተያያዘው ፓዮን የተባለ ሜሶን በሰሌዳዎቹ ላይ አሻራውን ትቶ ተገኘ። በ1948 ደግሞ ከዩጂን ጋርድነር ጋር በመሆን በበርክሌይ የቅንጣት ማፋጠኛ የተፈጠሩ ሜሶኖችን ለዩ፤ ማፋጠኛው ሜሶን ያመነጭ የነበረ ቢሆንም አሻራውን ለይቶ የሚያነብ አልተገኘም ነበር። የ1950 የኖቤል ሽልማት ግን ለብሪስቶሉ ቡድን መሪ ለሴሲል ፓወል ብቻ ተሰጠ። ላቴስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1949 የብራዚል የፊዚክስ ምርምር ማዕከልን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ በ2005 ዐረፉ። የብራዚል ተመራማሪዎች የትምህርትና የሥራ ማስረጃቸውን የሚያስመዘግቡበት የመንግሥት የመረጃ ሥርዓት ዛሬም በስማቸው ይጠራል።