ማሪ ኩሪ፦ የሚወዱት ሥራና የዕለት እንጀራ

የምንወደውን ሥራ እንያዝ ወይስ ገቢው አስተማማኝ የሆነውን? ይህ ጥያቄ ያላስጨነቃት አባል ብትኖር ጥቂት ናት። የታላቋ ሳይንቲስት የማሪ ኩሪ ሕይወት በዚህ ላይ የሚያስተምረን ነገር አለ።

ማሪ እ.ኤ.አ. በ1867 በፖላንድ፣ ዋርሶ ከተማ ተወለደች። የ10 ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ሞተችባት። በዚያን ጊዜ ዋርሶ በሩሲያ አገዛዝ ሥር ስለነበረች ሴቶች ዩኒቨርሲቲ መግባት አይፈቀድላቸውም ነበር። ፓሪስ ልኮ ለማስተማር ደግሞ የአባቷ የመምህርነት ገቢ አይበቃም። ስለዚህ ማሪና ታላቅ እህቷ ብሮኒያ አንድ ነገር ተስማሙ። መጀመሪያ ብሮኒያ ፓሪስ ሄዳ ሕክምና ትማራለች፣ ማሪም ሠርታ ገንዘብ ትልክላታለች። ከዚያ ተራው የማሪ ይሆናል። ዕቁብ ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ማሪ በሰው ቤት ተቀጥራ ልጆች እያስተማረች ዓመታት አሳለፈች። ማታ ማታ ግን ፊዚክስና ሂሳብ ለብቻዋ ታጠና ነበር። በ1891 ተራዋ ደርሶ ፓሪስ ገባች፤ በ1893 በፊዚክስ ትምህርት አንደኛ ወጣች። ለትምህርቷ የተሰጣትን 600 ሩብል፣ መልሺ ሳትባል፣ ሥራ ስታገኝ መለሰች።

በ1898 ከባለቤቷ ከፒየር ጋር ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። ለምርምሯ ግን የሚከፍላት አልነበረም። ከ1900 ጀምሮ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት እያስተማረች፣ የቀረውን ጊዜ ዝናብ በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ማዕድን ስታነጥር ትውል ነበር።

ራዲየም የሚነጠርበትን ዘዴ በስማቸው አስመዝግበው ብዙ ገንዘብ ማግኘት ይችሉ ነበር። ዕውቀቱ የሁሉም ይሁን ብለው ተዉት። በ1906 ፒየር በጋሪ ተገጭቶ ሲሞት ማሪ ከሁለት ሴት ልጆች ጋር ቀረች። መንግሥት ጡረታ ሊቆርጥላት ሲል አልተቀበለችም፤ በባሏ ቦታ ገብታ በሶርቦን ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

የተዉት ገንዘብ ግን ዋጋ አስከፍሏታል። የአንድ ግራም ራዲየም ዋጋ 100,000 ዶላር ደርሶ፣ ራዲየምን ያገኘችው ሴት ለምርምሯ የሚበቃ መግዛት አቃታት። በ1921 ያን አንድ ግራም የሰጧት የአሜሪካ ሴቶች ናቸው፤ ገንዘቡን አዋጥተው። እሷም ስጦታው የግል ንብረቷ ሆኖ ለልጆቿ እንዳይወረስ፣ የላቦራቶሪው እንዲሆን ሰነዱን አስለወጠች።

በሂሳብ ባለሙያ ዓይን ሳየው፣ የሚወዱት ሥራ በነፃ አይገኝም። አንድ ሰው ይከፍላል፤ ወይ እኛ፣ ወይ እህታችን፣ ወይ የሚያዋጡልን ሰዎች። የማሪ ብልሃት ከሁለቱ አንዱን መጣል አልነበረም። መጀመሪያ እንጀራዋን ያዘች፣ ተራዋን ጠበቀች፣ የተቀበለችውንም መለሰች። የምትወጂውን ሥራ ልትጀምሪ ያሰብሽ እህት፣ ደመወዝሽን ከመልቀቅሽ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ላይ አስፍሪ፦ ወጪውን ማን ይሸፍናል? እስከ መቼ? ከአንቺ ቀጥሎስ ተራው የማን ነው?