ብዕሩን ጥሎ ሐረር የገባው ገጣሚ

እአአ በ1880 ማብቂያ የጀጎልን ግንብ አልፎ ሐረር የገባው የ26 ዓመት ፈረንሳዊ፣ በቡናና በቆዳ ንግድ የተሰማራ ድርጅት ተቀጣሪ ነበር። ቀጣሪው አልፍሬድ ባርዴ እንኳ ወጣቱ በአገሩ ስመ ጥር ገጣሚ እንደነበር የሰማው ከዓመታት በኋላ ነው። አርተር ራምቦ ስለ ቀድሞ ሕይወቱ ማውራት አይወድም ነበር።

ራምቦ በ1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። የመጀመሪያ ግጥሙ በመጽሔት ሲወጣ ገና 15 ዓመቱ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፈረንሳይን የግጥም ወግ ያናወጡ ሥራዎችን ጻፈ። በ1873 ‘አንድ ወቅት በገሃነም’ የተሰኘውን መጽሐፉን ብራስልስ ላይ አሳተመ፤ ሆኖም 500 ገደማ ከነበሩት ቅጂዎች አብዛኞቹ ከማተሚያ ቤቱ መጋዘን ሳይወጡ ቀሩ። የተገኙትም እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1901 ነው።

ወደ 21 ዓመቱ ገደማ ቅኔው ነጠፈ። ምክንያቱን ለማንም በግልጽ አልተናገረም። አንዳንዶች ተስፋ ቆርጦ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሚለውን ሁሉ ብሎ ጨርሷል ባዮች ናቸው። የተረጋገጠው ግን ዝምታውን ለመስበር አለመታገሉ ነው። ከጃቫ እስከ ቆጵሮስ ተንከራተተ፤ በድንጋይ ማውጫ ሥፍራም ሠራ። በመጨረሻም በኤደን በኩል ሐረር ደረሰ።

ግጥሙ ቢቆምም ብዕሩ ጨርሶ አልደረቀም። በባልደረባው ጉዞ ላይ ተመሥርቶ ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀው ዘገባ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። ፎቶግራፍ ማንሻ አስመጥቶ ሐረር ውስጥ ራሱን አነሳ። ለቤተሰቡ በሚልካቸው ደብዳቤዎች የእጅ ሙያና የምሕንድስና መጻሕፍት እንዲላኩለት ይወተውት ነበር፤ በ1885 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ጠየቀ። ያ ሁሉ የማወቅ ጥማት አልበረደም፤ መንገዱን ቀየረ እንጂ።

የዘመኑ ፖለቲካም ሕይወቱን ነክቶታል። በሱዳን የተነሳው የማህዲስቶች እንቅስቃሴ ግብፅን ከሐረር እንድትወጣ አስገደዳት፤ የባርዴ ድርጅትም የሐረር ቅርንጫፉን ዘጋ። ከገዳሪፍ በመተማ ወደ ጎንደር የሚወስደው የንግድ መስመር የጦር ሜዳ ሲሆን፣ ለሸዋ መሣሪያ የሚገባው ከባሕሩ ወገን ነበር። ራምቦም ከታጁራ ተነስቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ በ1887 መጀመሪያ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ አንኮበር ገባ። ይሁንና የሟች ሸሪኩ አበዳሪዎች ከበቡት፤ ዋጋውም እንደጠበቀው አልሆነም። ከ1888 ጀምሮ በራስ መኮንን ግዛት ሐረር ተመልሶ ነገደ።

እሱ ቡናና ቆዳ ሲያስመዝን፣ ፓሪስ ውስጥ ስሙ እየገነነ ነበር። የቀድሞ ወዳጁ ገጣሚው ፖል ቬርሌን ስለ እሱም የጻፈበት መጽሐፍ በ1884 ታተመ፤ በ1886 ደግሞ ያልታተሙ ሥራዎቹ በመጽሔት ወጡ። በ1890 አንድ የፈረንሳይ መጽሔት አዘጋጅ ጽሑፍ እንዲልክለት ደብዳቤ ጻፈለት። ራምቦ መልስ ስለመስጠቱ የተገኘ ማስረጃ የለም። ደብዳቤውን ግን አልጣለውም፤ ከወረቀቶቹ መካከል ተገኝቷል።

በ1891 መጀመሪያ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ተሳነው። በሚያዝያ ወር 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከሐረር ወደ ዘይላ ወሰዱት። ማርሴይ ላይ እግሩ ቢቆረጥም በሽታው አልቆመም፤ ኅዳር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ በጀጎል ውስጥ በስሙ የሚጠራውና የድሮዋን ሐረር ፎቶግራፎች የያዘው ቤት የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ጎብኚዎች ወደዚያ የሚሄዱት የግጥሙን ሰው ፍለጋ ነው፤ ሐረር በዘመኑ ያወቀችው ግን ነጋዴውን ብቻ ነበር።