ስፒል የወጋበት፣ ሰው ያዳነበት እጅ

ስፒል ታውቃላችሁ አይደል? ልብስ የሚያያዘው፣ ሳታስቡት ጣት የሚወጋው። ፖላንድ ውስጥም በዚሁ ስም የሚጠራ የሽሙጥ መጽሔት ነበር። «ሽፒልኪ» ይባላል፤ ስፒሎች ማለት ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ ከመሠረቱት አንዱ ካርቱኒስቱ ኤሪክ ሊፒንስኪ ነው፤ ያኔ ገና የ27 ዓመት ወጣት።

በ1939 ናዚ ጀርመን ፖላንድን ስትወር ሽፒልኪ ተቋረጠ። ኤሪክ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ካርቱን የለመደው ያ እጅ ለአይሁዶች ማምለጫ የሚሆን የሐሰት ሰነድ ይሠራ ጀመር። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ፖላንድ ውስጥ አይሁድን የደበቀ ሰው ቅጣቱ ሞት ነበር፣ አንዳንዴም ከነቤተሰቡ። እሱ ራሱ የፓቪያክን እስር ቤት፣ አልፎም አውሽዊትዝን አይቷል። ደግነቱ ተረፈ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሽፒልኪ በ1945 እንደገና መታተም ጀመረ። (በኋላ ከሳንሱር ጋር ያየው አበሳ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።) ኤሪክ በ1978 ዋርሶ ላይ የካርቱን ሙዚየም አቋቋመ፤ ሙዚየሙ ዛሬ በእሱ ስም ነው የሚጠራው።

አይሁድን ከጭፍጨፋ ላተረፉ የሌላ ወገን ሰዎች እስራኤል የምትሰጠው ክብር የደረሰው በ1991 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በ83 ዓመቱ ዋርሶ ውስጥ አረፈ።